ክርክር፦ የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚመዝነው ማንን ነው?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ እኩል ሰዓት፣ አንድ ዓይነት እርማት ያለው ፈተና አለ፤ ደረጃውን የጠበቀ ፈተና የምንለው። ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች እዚያ ላይ የሚያመጡት ውጤት መምህርና ትምህርት ቤት የሚሸለሙበትና የሚቀጡበት ይሁን ወይስ አይሁን? ስድብ የለም። ሐሳቡን ምቱ፣ ሰውየውን ተዉት።

የመንታ እናት፦ እኔ ይሁን ባይ ነኝ። ምክንያቴም ቤቴ ውስጥ ነው። መንትዮቼ ሁለቱም 7ኛ ክፍል ናቸው፤ ትምህርት ቤታቸው ግን ይለያያል። የልጅቷ ካርድ ከላይ እስከ ታች 90ና ከዚያ በላይ ነው። የልጁ 70ን አልፎ አያውቅም። ስንቴ «እህትህን አታይም?» ብዬዋለሁ! ከዚያ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፈተና ተፈተኑ። በሒሳብ እሱ በለጣት። ያውም በጥቂት አይደለም። ለካ የአንደኛው ትምህርት ቤት 90 የሌላኛውን 70 አያህልም። ያ ፈተና ባይኖር ይሄን በምን አውቅ ነበር? መምህር ዝም ብሎ 90 ሲያድል ማን ይጠይቀዋል?

ጠመኔ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ነኝ። ማርክ ማደል የለም ብዬ አልዋሽሽም። አንድ አባት በር ላይ ቆሞብኝ 4 ማርክ የጨመርኩበት ቀን አለ፤ አሁንም ያሳፍረኛል። ፈተናውንም አልጠላም። እንዲያውም ጥሩ ፈተና ምን ማለት እንደሆነ ላሳይሽ።

እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ በብሔራዊ ምዘናዋ ላይ ለ13 ዓመት ልጆች ይሄን ጠየቀች፦ 12/13 እና 7/8 ሲደመሩ ለየትኛው ቁጥር ይቀርባሉ? ምርጫዎቹ 1፣ 2፣ 19፣ 21 እና «አላውቅም» ነበሩ። ወረቀትና እርሳስ አያስፈልገውም። ሁለቱም ክፍልፋዮች 1 ሊሞሉ ትንሽ የቀራቸው ናቸው፤ ድምራቸው 2 ገደማ ነው። ትክክል የመለሱት 24 ከመቶ ብቻ ናቸው። 28 ከመቶው 19 አሉ፣ 27 ከመቶው 21። ከየት አመጡት? 12 እና 7 ሲደመሩ 19፣ 13 እና 8 ሲደመሩ 21። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው! ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ክፍልፋይ አንድ ቁጥር መሆኑን ገና አላዩትም። ሁለት ቁጥር ተደራርቦ ነው የሚታያቸው።

ለእኔ ወርቁ እሱ ነው፤ ስህተቱ። ነገ ክፍል ገብቼ ምን እንደማስተምር ይነግረኛል። ግን እኔ ጋ የሚደርሰው ምን መሰለሽ? «የክፍሉ አማካይ 47»። ልጆቹ ወደ ቀጣዩ ክፍል ካለፉ በኋላ። በዚያ 47 ምን ላድርግበት? አለቃዬ ግን ያውቅበታል፤ እኔን ይገመግምበታል።

ቁጥር ቆጣሪ፦ እዚህ ላይ ልግባ። ያ 47 ራሱ የሚዋልል ቁጥር ነው። 25 ልጆች ያሉበት ክፍል ውሰዱ። የፈተናው ዕለት 3 ልጆች ጉንፋን ይዟቸው ከአቅማቸው 40 ነጥብ ዝቅ ቢሉ የክፍሉ አማካይ በ4.8 ይወርዳል። መምህሩ አንድም ነገር አላጠፋም። በዓመቱ ልጆቹ ጤነኛ ሆነው ይመጡና አማካዩ ይወጣል፤ መምህሩ ይሸለማል። እሱም ምንም አላደረገም። ትንሽ ትምህርት ቤት ከዓመት ዓመት ከላይ ታች የሚንጠው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አወያይ፦ በዚህ አጋጣሚ፣ ከላይ «85ኛ ፐርሰንታይል ማለት 100 ጥያቄ ቢመጣ 85ቱን መመለስ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ነበር፤ ስህተት ስለሆነ አጥፍቼዋለሁ። ከተፈታኞቹ 85 ከመቶ ያህሉን በልጧል ማለት ነው። ጥያቄው ከባድ ከሆነ ግማሹን ብቻ መልሶም እዚያ ሊደርስ ይችላል። ቀጥሉ።

ያኔ ተማሪ፦ እኔ 8ኛ ክፍል ሳለሁ ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ትምህርት ቆመ። ሥዕል ቀረ፣ ስፖርት ቀረ፣ ላብራቶሪ ተቆለፈ። በየቀኑ የድሮ ጥያቄ ወረቀት ነበር። የተማርነው ትልቁ ጥበብ ምን ነበር? «ካላወቅህ ባዶ አትተው፣ ሐን አጥቁር።» አራት ምርጫ ካለ በጭፍን አጥቁረህም ከመቶ 25 ታገኛለህ። አሪፍ ውጤት አመጣሁ። ዛሬ ከዚያ ሁለት ወር የቀረኝ ነገር ሐ ብቻ ነው።

የመንታ እናት፦ ይሄ የፈተናው ጥፋት ነው ወይስ የአስተማሪዎችህ? በሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ አለ ብለን ከእንግዲህ በዓይን ግምት እንግዛ?

ጠመኔ፦ ጥሩ አልሽ። ግን ሚዛኑን ያበላሸው ራሱ ቅጣቱ ቢሆንስ? አሜሪካ በ2002 ሕግ አወጣች። ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ ፈተና አለ፤ በ2014 ሁሉም ልጅ፣ አንድም ሳይቀር፣ የሚፈለገው ደረጃ ላይ ይድረስ፤ በየዓመቱ የተቀመጠለትን ግብ ደጋግሞ የሳተ ትምህርት ቤት ደግሞ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። አንድም ሳይቀር! እኔ 40 ልጅ ይዤ ሁሉንም የቤት ሥራ ማሠራት እንኳ አልቻልኩም።

አትላንታ ከተማ ውስጥ ምን ሆነ? የልጆቹ የመልስ ወረቀት ላይ ተሳስቶ ተጠቁሮ በላጲስ የጠፋ፣ ከዚያ በትክክለኛው የተተካ መልስ በብዛት ተገኘ። መርማሪዎች በ2011 ባወጡት ዘገባ በ44 ትምህርት ቤቶች ማጭበርበር እንደነበረና 178 መምህራንና ርዕሰ መምህራን እጃቸው እንዳለበት ገለጹ። በ2015 ደግሞ 11 ሰዎች ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ላጲስ ይዘው ሲፍቁ ያመሹት ሰዎች መምህር የሆኑት ለዚያ ነው? አይመስለኝም። እንጀራቸው በዚያ ቁጥር ላይ ተንጠለጠለ። ከሁሉ የከፋው ግን የልጁ ነገር ነው። ማንበብ ሳይችል «ያነባል» የሚል ወረቀት ይዞ ወጣ። ማን ይርዳው? በወረቀቱ ደህና ነው።

ቁጥር ቆጣሪ፦ መውጫ መንገድ አለ። ያው የአሜሪካ ብሔራዊ ምዘና ሁሉንም ልጅ አይፈትንም፤ በናሙና ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከጥያቄዎቹ የተወሰነውን ብቻ ነው የሚሠራው። የልጅ ውጤት ተብሎ የሚወጣ የለም፣ የሚቀጣ መምህርም የለም። ከ1995 ጀምሮ በየ4 ዓመቱ 4ኛና 8ኛ ክፍልን በሒሳብና በሳይንስ የሚፈትነው ቲምስ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናትም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ማንም የሚሰርቅበት ምክንያት ስለሌለው ቁጥሩን ታምነዋለህ። የአሜሪካ የ8ኛ ክፍል የሒሳብ አማካይ በ2019 ከነበረበት 282 በ2022 ወደ 274 መውረዱ የታወቀው በብሔራዊ ምዘናው ነው። ከወረርሽኙ በኋላ መሆኑ ነው። በ2024 ተለክቶም እዚያው 274 ላይ ነበር። ግን አማካዩ ባለበት ቢቆምም ጎበዞቹ ወደ ላይ ወጥተዋል፤ ደካሞቹ ይበልጥ ወርደዋል። ይሄን የሚያሳይ ፈተና ነው እኔ የምደግፈው።

የመንታ እናት፦ በጣም ጥሩ። ለአገር ትልቅ ነገር ነው። ለእኔስ? ናሙናው ውስጥ ልጄ ይግባ አይግባ አላውቅም፣ ቢገባም ውጤቱን አልሰማም። ማታ ደብተር ከፍታ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጄ ናት፣ አማካይዋ አይደለችም። እናንተ «ቅጣቱ ይቅር» ስትሉ እኔ የሚሰማኝ «ወላጅ አይወቅ» ነው።

ጠመኔ፦ አይደለም። ትወቂ። እንዲያውም ከውጤቱ በላይ ትወቂ። የትኛውን ጥያቄ እንደሳተች፣ ምን ብላ እንደሳተች በሁለት ሳምንት ውስጥ ለአንቺም ለእኔም ይድረስ። እኔን መመዘን የሚፈልግ ደግሞ ክፍሌ ገብቶ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ፣ ደብተር ይይ። ሁለቱን ከቀላቀላችኋቸው ግን ልጅቷ ስትሳሳት የምደብቀው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ።

እስቲ ይቺን ዛሬ ማታ ለሁለቱም ስጫቸው። አንድ የጦር አውቶቡስ 36 ወታደር ይጭናል። 1128 ወታደሮች አሉ። ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል? ይቺም ለ13 ዓመት ልጆች በዚያው ብሔራዊ ምዘና በ1982 የቀረበች ናት። 70 ከመቶ ያህሉ ማካፈሉን በትክክል ሠርተውታል። 32 ብለው የመለሱት ግን 23 ከመቶ ብቻ ናቸው። ማርኩን ተይው፤ ምን ብለው እንደመለሱ ብቻ ንገሪኝ።

ያኔ ተማሪ፦ ሐ።

አወያይ፦ 😄 ዛሬ ብቻ ይቅር ብያለሁ።

የመንታ እናት፦ ጠየቅኋቸው። ባለ 90ዋ በደቂቃ ጨርሳ «31 ቀሪ 12» ብላ አሰመረችበት። «ቀሪ 12 አውቶቡስ ምን ዓይነት ነው?» ስላት «ሒሳቡ እንደዚያ ነው የሚለው» አለችኝ። ልጁ ቆየ። ወረቀቱን አገላበጠ። ከዚያ «31 ይበቃል፣ 12ቱ ቆመው ይሄዳሉ» አለኝ።

መምህር፣ አራሚው እርስዎ ቢሆኑ ስንት ይሰጡታል?