ለአራት ዓመት ልጄ ፊደልና አክብሮት ቤት ውስጥ እንዴት ላስተምር?

ሰላም ወላጆች። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ልጄ አፀደ ሕፃናት የሚገባው መስከረም ላይ ነው። እስከዚያ እኔው ላስተምረው ብዬ ግራ ገብቶኛል።

"ሀ ሁ ሂ" በዜማ ይወጣለታል፤ ፊደሉን ነጥዬ ሳሳየው ግን አያውቀውም። 33ቱን ከነሰባት ቤታቸው፣ 231 ሆሄ፣ ባንዴ ማሸከም አልፈልግም። ከስሙ ፊደላት ብጀምርስ?

ይበልጥ የሚያሳስበኝ አክብሮቱ ነው። ማታ ማታ አቡነ ዘበሰማያት አብሮኝ ይደግማል፤ እንዴት ደስ እንደሚለኝ! እንግዳ ሲመጣ ግን ሰላም አይልም፣ አያቱንም "አንተ" ይላቸዋል። ጎረቤቶች "ቆንጠጥ አድርጊው" ይሉኛል። እኔ በፍጹም አልስማማም። "አባትህንና እናትህን አክብር" የሚለውን ትእዛዝ ከፍርሃት ጋር እንዲያያይዘው አልፈልግም።

በጨዋታ ያስተማራችሁ ካላችሁ፣ ከምን ጀመራችሁ? እንግዳ እጅ ማስታጠብስ ለዚህ ዕድሜ ይከብዳል?