ክራሬ ቅኝት አይይዝም፤ ክረምቱ ነው ወይስ እኔ?

ሽምብጥ_41
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 41 ነው፣ ሙዚቃ ተምሬ አላውቅም፤ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ በኩል ነው። ባለ ስድስት አውታር ክራር ገዝቻለሁ፤ ፊቱ ቆዳ፣ አውታሩ ናይለን፣ መቃኛው የእንጨት ነው። ስድስተኛዋን አውታር ቃኝቼ ስጨርስ የመጀመሪያዋ ወርዳ ትጠብቀኛለች። ማታ የቃኘሁት ጠዋት የለም። የስልኩ መቃኛ መተግበሪያ ደግሞ ያችኑ አውታር አንዴ ሲ (C)፣ አንዴ ጂ (G) ይላታል። «በዚህ ዕድሜ ክራር ከሚከብድሽ ማሲንቆ ይሻልሽ ነበር» ያለኝም አለ። ክራሩ ነው የተበላሸው ወይስ አያያዜ? በቀንስ ስንት ሰዓት ልለማመድ? ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ጎረቤትም አስቡልኝ።

ገበቴ_ጠራቢ
እህቴ፣ ክራርሽ ምንም አልሆነም። ብርኩማው (አውታሮቹን ከታች ደግፎ የሚይዘው እንጨት) የቆመው ቆዳ ላይ ነው፤ ቀንበሩን (መቃኛዎቹ የተሰኩበትን አግዳሚ እንጨት) የያዙት ሁለቱ ምሰሶዎችም ትንሽ ይለምጣሉ። አንዷን አውታር ባከረርሽ ቁጥር ቆዳው ጎድጎድ፣ ቀንበሩ በትንሹ ዝቅ ይላል፤ የቀሩት አምስቱ ይላላሉ። ስለዚህ በአንድ ዙር ቃኝቶ መጨረስ የሚባል ነገር የለም። በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ወደ ቦታቸው አቅራቢያ አድርሻቸው፣ ጥራቱን ተዪው። በሁለተኛው አስተካክዪ። በሦስተኛው የሚቀርሽ መቃኛውን ነካ ነካ ማድረግ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ቃኚ፤ ካለፈብሽ ከድምፁ በታች አውርደሽ እንደገና ውጪ። ከላይ ወደ ታች የተቃኘ አውታር ሁለት ዘፈን ሳትጨርሺ መልሶ ይወርዳል።

የማታውና የጠዋቱ ነገር ሦስት ምክንያት አለው፦

ናይለኑ አዲስ ከሆነ ለቀናት ይሳባል። ከቃኘሽ በኋላ አውታሯን ከመሃሏ በሁለት ጣት ይዘሽ ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ ሳቢያት፤ ትወርዳለች፤ መልሰሽ ቃኚያት። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሚው።

ከዚያ አጠማጠሙን እዪ። ጫፉን በመቃኛው ቀዳዳ ካሳለፍሽ በኋላ የመጀመሪያው ጥቅል ጫፉን ረግጦት ይለፍ፤ 3 ወይም 4 ጥቅል ይበቃል። አሥር ጊዜ የተጠመጠመ ናይለን ጥቅሉ ራሱ ውስጥ ለውስጥ እየጠበቀ ድምፁን ያወርድብሻል። መቃኛውን ስታዞሪ ደግሞ ወደ ቀዳዳው እየገፋሽ ይሁን። በበጋ እንጨቱ ይኮማተርና መቃኛው ይሾልካል፤ በክረምት ይነፋና ይጣበቃል። ሲሾልክ ጠመኔ፣ ሲጣበቅ ደረቅ ሳሙና ቀቢው። ዘይት በጭራሽ።

ሦስተኛው ቆዳው ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ዋና ራስ ምታት። እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ብርኩማው ይሰጥማል፣ ድምፁ ወርዶ ይታፈናል። ፀሐይ ብልጭ ሲል ተወጥሮ ሽቅብ ይወጣል። ክራሩን በጨርቅ ከረጢት አድርገሽ ቤት ውስጥ ባለ የውስጥ ግድግዳ ላይ ስቀዪው፤ ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ይላብበታል። ፌስታል ውስጥ አታስገቢው፣ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። ከመጫወትሽ በፊት ከከሰል ምድጃ አንድ ሜትር ያህል ርቀሽ፣ ለእጅሽ ለብ በሚልበት ቦታ 10 ደቂቃ ያዢው። ቸኩለሽ ካስጠጋሽው ቆዳው ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ ከመቀየር በቀር መላ የለውም።

አውታር ስትቀይሪ አንድ በአንድ ቀይሪ። ሁሉንም በአንዴ ከፈታሽ ብርኩማው ይወድቃል፣ የነበረበትም ቦታ ይጠፋል። ለማንኛውም እግሮቹ ያረፉበትን በእርሳስ ምልክት አድርጊበት።

ሲሶ_ላይ
ስልኩም አልዋሸሽም። አውታር ስትመታ አንድ ድምፅ ብቻ አታወጣም፤ ኦክታቯ (ያው ድምፅ በቀጭኑ) እና ከዚያ በላይ ያለው አምስተኛዋ አብረው ይሰማሉ። ሲ ላይ የተቃኘችውን አውታር በጥፍር፣ ብርኩማው አጠገብ ከመታሻት ጂ ጎልቶ ይወጣና ስልኩ እሱን ያነባል። መፍትሔው የምትመቺበት ቦታ ነው፦ ከአውታሯ ርዝመት ልክ ሲሶው ላይ፣ በአውራ ጣትሽ ሥጋ፣ ለስለስ አድርገሽ። ሲሶው ላይ የተመታች አውታር ያንን ጂ አታወጣውም። የቀሩትን አምስቱን በግራ እጅሽ አፍኛቸው፤ ካልታፈኑ እነሱም አብረው ያስተጋባሉ።

ግን ከወር በኋላ ስልኩን ለመነሻዋ ድምፅ ብቻ ተጠቀሚበት፤ ሌላውን ጆሮሽ ይሥራው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ዶን ያዢ፤ ከዶ አምስተኛ ወጥተሽ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ብለሽ ስትቆጥሪ) ሶል፣ ከሶል አራተኛ ወርደሽ ሬ፣ ከሬ አምስተኛ ወጥተሽ ላ፣ ከላ አራተኛ ወርደሽ ሚ። ስድስተኛዋ አውታር ከአምስቱ አንዷን በኦክታቭ ትደግማለች፤ የትኛዋን እንደሆነ ከመምህር መምህር ስለሚለያይ የምትማሪበትን ሰው አቀማመጥ ያዢ፣ አትቀላቅዪ።

ዶን ከየት ልጀምር ብለሽ አትጨነቂ፤ ድምፅሽ ከሚደርስበት ነው። ክራር ዘፋኙን ይከተላል።

ከትዝታ ሜጀር ሚንና ላን ግማሽ ግማሽ ድምፅ ብታወርጂ ትዝታ ማይነር ታገኛለሽ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የማያውቀው ነገር አለ፦ ከዚያ ወዲያ አንድም አውታር ሳትነኪ ሶልን ቤትሽ (የዜማው ማረፊያ) አድርገሽ ብትጫወቺ የአምባሰል እርከን (የድምፆች ቅደም ተከተል) ነው የምትሰሚው። በትዝታ ሜጀር ላይም ላን ቤት ብታደርጊ የባቲ ማይነር እርከን ይወጣል። ቅኝት ማለት የአውታሮቹ ቁመት ብቻ ሳይሆን ዜማው የሚያርፍበት ቦታም ነው። አንቺሆዬን ለጊዜው ተዪው። ከአምባሰል የሚለየው ከአምስቱ ድምፆች አራተኛዋ ግማሽ ወርዳ፣ አምስተኛዋ ግማሽ ስትወጣ ነው፤ በወረቀት ቀላል ይመስላል፣ ጆሮ ግን ይታለላል።

ግርፍ_ወይስ_ድርደራ
ስለ ልምምዱ ልናገር። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይበልጣል፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ለቅኝት።

በግርፍ (ሁሉንም አውታር በአንዴ በመምታት) ጀምሪ። ግራ እጅሽ ከአውታሮቹ ጀርባ ሆኖ ጣቶችሽ አውታሮቹን ነክተው ያርፋሉ። ጣት አምስት፣ አውታር ስድስት ነው፤ አንዱ ጣት ሁለት ይይዛል ማለት ነው። በቀኝ እጅሽ መግረፊያ ይዘሽ (መጠነኛ ድርቀት ያለው የቆዳ ቁራጭ ይሆናል) ስድስቱንም አንዴ ግረፊ። ሁሉም ከታፈኑ የምትሰሚው ደረቅ «ጭ» ብቻ ነው። አሁን አመልካች ጣትሽን ብቻ አንሥተሽ ግረፊ፤ አንድ ድምፅ ጥርት ብሎ መውጣት አለበት። በደቂቃ 60 ምት፣ ለእያንዳንዱ ጣት አራት አራት ምት። የሚያስቸግረው የቀለበት ጣት ነው፤ ጎረቤቱን ይዞ ይነሣል። መድኃኒቱ ዝግታ እንጂ ጉልበት አይደለም።

ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። ጣትን አርቆ ማንሣት አንዱ ነው፤ ለመመለስ ይዘገይና ሁለት ድምፅ ይደበላለቃል። አውታሯን ለመልቀቅ ጥቂት ሚሊ ሜትር በቂ ነው። ሌላው ማፈንን መግፋት ማድረግ ነው፤ የተገፋ አውታር ይከርርና ቅኝቱ የተበላሸ ይመስልሻል። ምናልባት ካማረርሽው ውስጥ ይህም ይኖርበታል።

ለጎረቤት ሲባል ማታ በጣት ሥጋ ድርደራ (አውታሮቹን አንድ በአንድ መምታት)፣ ቅዳሜ ከሰዓት በመግረፊያ። ከገበቴው (ቆዳው ከተወጠረበት ጎድጓዳ እንጨት) ኋላ ትንሽ ፎጣ ሸጎጥ ብታደርጊም ድምፁ በደንብ ይቀንሳል።

የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ኪነት ቡድን መድረክ ላይ ሲወጣ ወይም አዝማሪ ቤት ስትገቢ ከደርዳሪው በግራ እጁ በኩል ቁጭ በዪ። የቀኝ እጁ ያስደንቃል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ግራው ነው።

ጭራ_አንድ
ማሲንቆ ይቀላል ያለሽ ሰው አንድ አውታር ብቻ ስላየ ይሆናል። ያች አንዷ ከፈረስ ጭራ የተገመደች ናት፤ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የላትም፣ ጣቱም አውታሯን ከጎን ይነካታል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫናትም። ድምፁን የምታገኚው በጆሮ ብቻ ነው። አዲስ ጭራ ዕጣን ካልተቀባ ደግሞ ደጋኑ ይንሸራተታል፣ ምንም አይጮህም፤ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚመልሰው ለዚህ ነው። ድምፁም ስስ ግድግዳ የሚያልፍ ዓይነት ነው። ለአንቺ ቤት ክራር ይሻላል፤ ይህን የምለው ማሲንቆ ወዳድ ሆኜ ነው።

ዘመናዊ_ቀንበር
ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ? የእንጨቱን መቃኛ አውጥታ የጊታር መቃኛ ታስገጥም፣ አለቀ።

ገበቴ_ጠራቢ
አላለቀም። መቃኛው ሲሾልክ ያግዛል፤ ቆዳው ሲላላ ግን የጊታር መቃኛ ምን ያደርጋል? ለብረቱ የሚሆን ቀዳዳ ደግሞ ሰፊ ነው። ለእንጨት መቃኛ ተብሎ በተጠረበ ቀጭን ቀንበር ላይ ስድስት ሰፋፊ ቀዳዳ በሰልፍ ከተበሳ እንጨቱ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ከመጀመሪያው በወፍራም ቀንበር የተሠራ ከሆነ ግን እስማማለሁ፣ ለጀማሪ ምቹ ነው።

ሽምብጥ_41
ጠመኔውን ሞከርኩ፣ ሁለቱ መቃኛዎች ቆሙ። ሲሶው ላይ ስመታም ስልኩ አንድ ቃል ሆነ። እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የአንዷ አውታር ናይለን ተቆርጧል። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይሆናል ይላሉ፤ ውፍረቱስ?

ገበቴ_ጠራቢ
ይሆናል፤ የዓሣ ማጥመጃ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቂ። ድርና ማግ ሆኖ የተገመደውን ሳይሆን አንድ ወጥ የሆነውን፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን ውሰጂ። በእኩል ርዝመትና ውጥረት ድምፅ አንድ ኦክታቭ እንዲወርድ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ለቀጭኗ 0.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለወፍራሟ 1.0፣ ለመሃሎቹ ከ0.6 እስከ 0.9 እየደረጃቸው። የተቆረጠችውን ቁራጭ ይዘሽ ሂጂና አስለኪያት። ሦስት ሜትር ብትገዢ ለሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃሻል። ሻጩ የብረት ሽቦ ቢያሳይሽ እንዳትወስጂ፤ ውጥረቱ ለዚህ ምሰሶ ከባድ ነው።