ክርክር፦ ወኪላችን በቴሌግራም ይንገሩን ወይስ ፊታችን ይቁሙ?

አድሚን፦
ሰላም የሰፈር ሰው፣ እንዴት አመሻችሁ። የሳምንቱ መከራከሪያ ይኸውላችሁ። የሰፈራችን የደሴ ከተማ ምክር ቤት ተመራጭ ከአራት ወር ወዲህ በቴሌግራም ቻናላቸው በየወሩ መረጃ ይለጥፋሉ። የዚህን ወር ላላየ በአጭሩ፦ የጤና መድን እድሳት ተጀምሯል፣ የውሃ ፈረቃ ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ዞሯል፣ የባጃጅ ተራ ወደ ታች ወርዷል፣ የመንገድ መብራቱ "በሂደት ላይ ነው"። ሰባት ፎቶ አለው። ኮሜንቱ ዝግ ነው። በየሦስት ወሩ የነበረው የነዋሪዎች ስብሰባ ግን ከዚያ ወዲህ አልተጠራም። እንግዲህ ጥያቄው፦ ልጥፉ ስብሰባውን ይተካል ወይ? የሰው ስም እየጠሩ መዝለፍ የለም። ግቡ።

ባለ ሱቁ፦
ይተካል። እንዲያውም ይበልጣል። ባለፈው ስብሰባ ሱቄን ዘግቼ ሄጄ ነበር። ለ3 ሰዓት ተጠራን፣ 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ተጀመረ። መድረክ ላይ ያሉት እስኪተዋወቁ፣ ከዚያ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ የሪፖርት ንባብ። እኔ እጄን ሳወጣ "ሰዓት ስለሄደብን ሦስት ሰው ብቻ" ተባለ። ሦስቱም አመስግነው ተቀመጡ። አንዱማ ግጥም አነበበ። አሁን ደንበኛ እየሸኘሁ በሁለት ደቂቃ አነበዋለሁ። የእናቴን ጤና መድን በጊዜ ያሳደስኩት በዚሁ ልጥፍ ነው። ስብሰባ የናፈቀው እድሩ ጋ ይሂድ።

የወፍጮ ቤቷ፦
አንተ አየህ፣ አሳደስክ። እሰየው ልጄ። እኔ ወፍጮ ቤት ነው የምውለው። እህል ይዘው የሚመጡት እናቶች የሚይዙት ያችን ባለ መብራቷን ትንሿን ስልክ ነው። ቴሌግራም ምን እንደሆነም አያውቁ። ፈረቃው ወደ ሐሙስ የዞረ ሳምንት አንዷ ጎረቤቴ እንደ ልማዷ ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሳች። ስድስት ጀሪካን ደርድራ ቧንቧው ሥር ቁጭ አለች። ቧንቧው ሽው ይላል እንጂ ጠብ አይልም። በዚህ በደሴ ብርድ፣ ጋቢዋ በጉም ርሶ፣ እስኪነጋ ጠበቀች። ጠዋት ልጇን ስትጠይቀው "እማ፣ ተለጥፎ ነበር እኮ" አላት። የት? ብትለው ስልኩን አሳያት። ምን ትበለው?

የጦሳ ጉም፦
ፎቶዎቹን ቆጠርኳቸው። በአምስቱ ተመራጩ አሉ። በሁለቱ ችግኝ አለ። ውሃ በአንዱም የለም 😂

ባለ ባጃጅ፦
እኔን ያናደደኝ "የባጃጅ ተራ ወደ ታች ወርዷል" የሚለው ነው። ራሱ ወረደ? እግር አለው? ማን አወረደው? እኛ የሰማነው ከትራፊክ ነው፣ ከቅጣት ወረቀት ጋር። ልጥፉ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ያለቀ ነገር መንገር ዜና ነው። እኔ ግን ዜና ሳይሆን ወኪል ነው የምፈልገው።

ሐረጎ ኩርባ፦
እኔ ከባለ ሱቁ ጋ ነኝ፣ በሌላ ምክንያት። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። በፈረቃ ነው። በጨለማ ተነስቼ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ በጨለማ እመለሳለሁ። ፓርኩ ከተከፈተ ከ2009 ወዲህ እንደኔ ያለ ሰው ስንት ነው? ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ ሲባል እኔ ማሽን ላይ ነኝ። ፈቃድ ብጠይቅ ደሞዝ ይቆረጣል። እስከ ዛሬ በአንድም የነዋሪ ስብሰባ ተገኝቼ አላውቅም። የሰፈሬን ነገር በስልኬ ያወቅኩት ከአራት ወር ወዲህ ነው። "ፊት ለፊት" የምትሉት ቀን ቀን ጊዜ ላለው ሰው ነው።

ጡረተኛ መምህር፦
ይቅርታ፣ ትንሽ ላስረዝም ነው። እድሜ ነው።

መጀመሪያ ተመራጭ ምን እንደሚሠራ እንግባባ። የምክር ቤት አባል ቧንቧ አይጠግንም፣ አምፖል አይሰቅልም። የከተማ ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል፣ ከንቲባ ይመርጣል፣ አስፈጻሚውን ይጠይቃል። ሥራው መጠየቅ ነው። ውሃው የከተማ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ግን የፌዴራል ነው። መሀል ከተማውን ሰንጥቆ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳናም የፌዴራል ነው። ስለዚህ "መብራቱ በሂደት ላይ ነው" ሲሉኝ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማን ጋ ነው የተያዘው? ምሰሶው የማን ነው፣ አምፖሉ የማን ነው፣ ደብዳቤ ጻፉላቸው ወይ፣ ምን መለሱ? እሱን ካልነገሩኝ "በሂደት ላይ" ማለት አላውቅም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 አጭር ነው። ሦስት ንኡስ አንቀጽ ብቻ። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ተመራጭ ኃላፊነቱን ካጓደለ ይጠየቅ ይላል። ሕዝቡ እምነት ካጣበት ከቦታው ያንሳው ይላል። ቴሌግራሙ የመጀመሪያዋን ይነካካት ይሆናል። ኮሜንት ዘግቶ ሁለተኛዋን እንዴት አድርጎ?

እኔ ልጅ ሆኜ ወሎ በ1965 ሲራብ አይቻለሁ። የገደለን የዝናብ እጦት ብቻ አልነበረም። ላይ ያሉት ነገሩን አድበስብሰው ያዙት። ጥሩ ጥሩውን ብቻ የሚያወራ ሪፖርት ሳይ ዛሬም ሆዴ ይረበሻል።

ባለ ሱቁ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የአንድ የሰፈር ልጥፍ ከ1965 ጋ ምን አገናኘው? የባጃጅ ተራ እኮ ነው የምናወራው።

ጡረተኛ መምህር፦
ልክ ነህ፣ አበዛሁት። አምፖሉ ላይ ግን እጸናለሁ።

ለምክር ቤቱ ቅርብ ነኝ፦
እኔ ተመራጩን አውቃቸዋለሁ። የሌላውን ወገንም ስሙ። ሰውዬው ሌላ መደበኛ ሥራ አላቸው። ቢሮ የላቸውም፣ ጸሐፊ የላቸውም። ልጥፉን የሚጽፉት ማታ ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ ነው። ኮሜንቱ መጀመሪያ ክፍት ነበር። በሦስት ቀን የመጣውን እኔ አንብቤአለሁ። ስለ ውሃ የጠየቁት አራት ሰው ናቸው። የቀረው ስድብ፣ የብሔር ነገር፣ የማስታወቂያ ሊንክ። አንዱ የሚስታቸውን ስም ጠርቶ ጻፈ። እናንተ ብትሆኑ አትዘጉም? ስብሰባ መጥራትም በዚህ ጊዜ እንደድሮው ቀላል አይደለም። አዳራሽ ማስፈቀድ አለ፣ ጸጥታ አለ። ያላቸውን መንገድ ተጠቀሙ። ምንም የማይሉትን ትተን የሚናገሩትን ብቻ የምንወቅስ ከሆነ ነገ እሳቸውም ዝም ይላሉ።

የጦሳ ጉም፦
የሚስታቸውን ስም መጥራት ነውር ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

የአራዳው፦
ሁላችሁም "ተመራጭ፣ ተመራጭ" ትላላችሁ። ማን መረጣቸው? መቼ? እዚህ የከተማና የቀበሌ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ፣ በ2011 እንደገና ተራዘመ። ሰኔ 2013 የመረጥነው ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤት ነው። በ2005 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይሄ ልጅ ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። እና በምን ይጠይቃቸው? በድምፁ እንዳይቀጣቸው ምርጫ የለም። በአፉ እንዳይጠይቅ ስብሰባ የለም። በጽሑፍ እንዳይል ኮሜንት ዝግ ነው።

ለምክር ቤቱ ቅርብ ነኝ፦
ምርጫውን ያራዘሙት እሳቸው አይደሉም።

የአራዳው፦
አላልኩም። ግን የምርጫ ጊዜው ሲርቅ ለሕዝብ መቅረቡ መብዛት ነበረበት። እዚህ የሆነው ግልባጩ ነው።

ሐረጎ ኩርባ፦
ይሄ አሳመነኝ። ስብሰባው ግን አሁንም ለኔ አይሆነኝም።

የሸዋ በሩ፦
በኢንተርኔት ላይ ብቻ መንጠልጠልን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በ2014 ጦርነት ጊዜ ስልክም መብራትም ጠፍቶ እንደነበር ረሳችሁት? ከ2015 ክረምት ጀምሮስ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት አልተቋረጠም? ያኔ ቴሌግራም የት ነበር? እኛ ሰፈር ወሬ የሚመጣው ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር። አንድ ሽማግሌ "እገሌ ጋ ዱቄት መጥቷል" ሲሉ እኩለ ቀን ሳይሆን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ያ መስመር ዛሬም አለ። የሚጠቀምበት ጠፋ እንጂ።

የድሮ ሰው፦
ደሴ እኮ ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩባት ከተማ ናት። ስሙን ስሙት፣ አይጠየፍ! ሀብታም ደሃ ሳይል ሰው ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኝበት። እኛ ዛሬ አንድ ሰፈር ሰብስበን ማነጋገር አቃተን?

የጦሳ ጉም፦
አባቴ፣ አይጠየፍ ግብር የሚበላበት ነበር እንጂ ጥያቄ የሚጠየቅበት አልነበረም። በልቶ መርቆ መውጣት ነው። ያለፈው ስብሰባችንም ከሱ አይለይም፣ ሥጋው ብቻ ነው የጎደለው 😂

የድሮ ሰው፦
ሳቅኩ። ይሁንልህ።

ጡረተኛ መምህር፦
ደብተሬን አወጣሁ። በየስብሰባው እጽፋለሁ፣ የቆየ አመል ነው። ባለፈው ስብሰባ ከኛ ሰፈር የተነሱ ጥያቄዎች ሦስት ነበሩ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ክዳኑ የጠፋ ቱቦ፣ የሴፍቲኔት ስም ዝርዝር ለምን በግልጽ እንደማይለጠፍ፣ እና መብራቱ። "ይዘናል" ተባልን። አራቱንም ልጥፎች ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። ስለ ቱቦው አንድ ቃል የለም። ስለ ስም ዝርዝሩም የለም። መብራቱ አራቴም "በሂደት ላይ ነው"። ቃሉ እንኳን አልተቀየረም፣ ነጠላ ሰረዟም ሳትቀር።

ባለ ሱቁ፦
ቱቦውን ረስቼው ነበር። የወንድሜ ልጅ እኮ እግሩን የሰበረው እዚያ ነው።

ግን መምህር፣ ይሄ የቴሌግራም ጥፋት ነው? ስብሰባው ላይስ ቢሆን መለሱ? ከዚያ በፊት በነበረውም ስብሰባ መብራቱ ተነስቶ ነበር። ያኔም "ይዘናል" ነው ያሉት። በአዳራሽ "ይዘናል"፣ በስልክ "በሂደት ላይ"። ለኔ አንድ ነው፣ ስልኩ ግን ሱቅ አያዘጋም።

ጡረተኛ መምህር፦
በዚህ ረታኸኝ። ስብሰባውም አልመለሰም። እንግዲያው የምፈልገውን ላስተካክል። በቴሌግራምም ይሁን በአዳራሽ፣ ንግግሩ ከአዲስ ዜና አይጀምር። "ባለፈው ይሄን ጠይቃችሁኝ ነበር፣ እኔ ይሄን አደረግኩ፣ እገሌ መሥሪያ ቤት ይሄን መለሰልኝ፣ ይሄኛው አልተሳካልኝም" ብሎ ይጀምር። "አልቻልኩም" ቢሉኝ እንኳ አመሰግናቸዋለሁ። እሱን ካደረጉ ችግኙን እንደፈለጉ ይለጥፉ።

ባለ ባጃጅ፦
እና ከመወሰኑ በፊት ይጠይቁን። መምህር ያንን ረሱት።

ጡረተኛ መምህር፦
ጻፍኩት።

ለምክር ቤቱ ቅርብ ነኝ፦
ይሄን አደርስላቸዋለሁ። ኮሜንት ይከፈት ካላችሁ ግን ስድቡን ማን ይጠርጋል? እሳቸው ብቻቸውን አይችሉም።

ሐረጎ ኩርባ፦
ኮሜንት ለምን አስፈለገ? በድምፅ መልእክት ጥያቄ ይቀበሉ፣ አምስቱን መርጠው በሚቀጥለው ወር ይመልሱ። እኔ ማታ ሐረጎን ስወጣ መኪና ውስጥ እልካለሁ።

የአራዳው፦
አምስቱን የሚመርጠው ማን ነው? እሳቸው ከሆኑ ያው የሦስቱ አመስጋኞች ነገር ነው።

ሐረጎ ኩርባ፦
እሺ፣ እድሩ ይምረጥ።

ባለ ሱቁ፦
እድሩ ለመምረጥ ስብሰባ ሊጠራ ነዋ 😂

የወፍጮ ቤቷ፦
እናንተ ስትከራከሩ እኔ የልጅ ልጄን አስጻፍኩት። የዚህን ወሩን ልጥፍ በትልልቅ ፊደል በወረቀት ገለበጠው። ፎቶዎቹን ተውናቸው። ላስቲክ አልብሼ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ሐሙስ የሚለውን በቀይ አድርጌዋለሁ። ከሥሩ ባዶ ቦታ ትቼ እስክሪብቶ በሲባጎ አሰርኩ፣ ጥያቄ ያለው ይጻፍ ብዬ። መጻፍ ለማይችል ልጁ አለ። እስከ ማታ ዘጠኝ ጥያቄ ተጽፏል። አንደኛው ቱቦው ነው። አንዱ ሌሎቹን ትቶ የኔን የወፍጮ ዋጋ ጠይቋል፣ እሱን ሰርዤዋለሁ።

የጦሳ ጉም፦
አየሽ፣ አንቺም ተመራጭ ሆንሽ! ኮሜንት መሰረዝ ጀመርሽ።

የወፍጮ ቤቷ፦
አንተ ልጅ ምላስህ። ወረቀቱን በየወሩ ለሳቸው የሚያደርስ አንድ ሰው ስጡኝ።

ለምክር ቤቱ ቅርብ ነኝ፦
እኔ ነገ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ።

የወፍጮ ቤቷ፦
ና። ግን እስክሪብቶ ይዘህ ና፣ የታሰረችውን ከአሁኑ ወስደዋታል።