የእናቴ የምግብ ምክር አፕ ቀይ እያበራ ነው፣ ቶሎ የምታውቁ

ጠያቂ (ማራኪ ሰፈር)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ቸኩያለሁ። እናቴ ስኳር ስላለባት ስልኬ ላይ ምግብ የሚመክር አፕ ጭኜላታለሁ። ዕድሜዋን፣ ክብደቷን፣ የምትበላውን ሁሉ ሞላሁለት። ዛሬ ጠዋት መለኪያው 106 አለ። ያንን ሳስገባ አፑ ቀላና «አሁኑኑ ሆስፒታል ሂዱ» አለኝ። የቁርስ አላርሙን 1 ሰዓት ላይ ሞልቼው ሌሊት 7 ሰዓት እየጮኸ ቤቱን ይቀሰቅሳል። በዚያ ላይ ሁዳዴ ገብቶ እሱ እንቁላልና እርጎ ይላል። እሷ ደህና ናት፣ ቡና እያፈላች ነው። ምን ላድርግ?

የአራዳው፦
አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው። የኔም እንዲሁ ሆኖ ነው የተስተካከለው።

ጋሼ ከአዘዞ፦
ልጄ፣ ስልክ እናት አይመግብም። ሽሮና ጎመን እያለ ምክር ከባሕር ማዶ ለምን ይመጣል? የእናትሽን ሆድ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይጥፋ ባይ ነኝ።

ሥነ ምግብ አጥኚ፦
ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም። ፉድ ፎር ሚ የሚባል ጥናት ነበር፤ ውጤቱ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። በ7 የአውሮፓ አገሮች ከ1,600 በላይ ሰዎች ለ6 ወር በኢንተርኔት ምክር አገኙ። የራሳቸውን አመጋገብ መሠረት ያደረገ ምክር የደረሳቸው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ምክር ከደረሳቸው ይልቅ አመጋገባቸውን አሻሻሉ። የደምና የዘረመል ውጤት ሲጨመርበት ግን የተለየ ጥቅም አላመጣም። ዋናው ሰውየው የሚበላውን በትክክል ማወቅ ነው። ስለዚህ «የራስ ምግብ ጨምር» የሚለውን ፈልጊና እንጀራውን መዝግቢ። የሰፈር ባለሱቅ ሚዛን ላይ አንዱን መዝኚው፤ የምጣዱ ስፋት ከቤት ቤት ይለያያል። ሽሮውን፣ አዚፋውን፣ ሱፍ ፍትፍቱንም በጭልፋ ለክተሽ አስገቢ።

ጋሼ ከአዘዞ፦
እነዚያ ሰዎች ሁዳዴ አልጾሙም እኮ።

የአራዳው፦
አጥፍታ ብትጭነው ይሻላል እያልኩ ነው።

ላብራቶሪ፦
አትጫኚ፣ የሞላሽው ይጠፋብሻል። 106 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ለስኳር ታማሚ ጥሩ ቁጥር ነው። አፑ ስኳሩን በሌላ አሃድ፣ በሚሊሞል በሊትር ስለሚቆጥር ነው የደነገጠው። አፑ ሴቲንግ ገብተሽ አሃዱን ወደ ሚሊግራም በዴሲሊትር ቀይሪ። በእጅ ማስላት ካስፈለገ ለ18 ማካፈል ነው፤ 106 ወደ 5.9 ይሆናል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። በኛ 1 ሰዓት ስትይ እሱ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ ስለዚህ 6 ጨምሪ። ጠዋት 1 ሰዓት 7:00 ነው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት 15:00።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ቀዩ ጠፋ። አሁን ደግሞ ጾመኛ ናት ብለው የአኩሪ አተር አይብና የአልሞንድ ወተት አመጣልኝ።

የቅዳሜ ገበያ ልጅ፦
አልሞንዱን ስታገኚ ለኔም ጥሪኝ 😄 እስከዚያ ምስርና ሽምብራ ግዢላቸው።

ነርስ፦
ቆይ፣ ዋናውን አልነገርሽንም። እናትሽ ምን ክኒን ነው የሚወስዱት? የሚጾሙት እስከ ስንት ሰዓት ነው?

ጠያቂ፦
ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ፣ ጠዋት። እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም።

ነርስ፦
እንግዲህ አላርሙን ተዪው፣ ይሄ ይቀድማል። ግሊቤንክላማይድ ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ስኳርን ከመጠን በላይ ያወርዳል። ላብ ላብ ካላቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ወይም መለኪያው ከ70 በታች ካለ፣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጫቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሰሽ ለኪ፣ ከዚያ ምግብ ስጫቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም በአፋቸው እንዳትጨምሪ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ክኒኑን በራስሽ አታቁሚ፣ ሰዓቱንም አትቀይሪ። ዛሬውኑ ወደሚከታተሉበት ክሊኒክ ይዘሻቸው ሂጂ፣ የመለኪያውን መዝገብም ያዢ። ነፍስ አባታቸውንም አነጋግሪ፤ የታመመ ሰው ጾሙ ሊቀልለት ይችላል። ለመሆኑ የዛሬውን ክኒን ወስደዋል? አሁን ስንት ነው? ለክተሽ መልሺልን።

የአራዳው፦
የአፑ ስም ማን ነበር? ለአክስቴ ልጭንላት ነው።