የጋራ በሆነ የሊኑክስ ማሽን ላይ የምንጭ ኮድ የት ቢቀመጥ ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ፤

ለገጣፎ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ውስጥ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነባቸውን ማሽኖች እከታተላለሁ። ተማሪዎቻችን ፕሮግራሞችን ከምንጭ ኮድ ኮምፓይል ማድረግ (የተጻፈውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጥ) ስለጀመሩ፣ የወረደውን ኮድ የት እንደማስቀምጥ መወሰን አቅቶኛል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የፋይል ሥርዓት መስፈርት፣ የማሽኑ አስተዳዳሪ ራሱ ለሚያመጣው ኮድ «/ዩኤስአር/ሎካል/ኤስአርሲ» (/usr/local/src) የተባለውን ማውጫ (ፎልደር) መድቧል። ሆኖም በእኛ ማሽኖች ላይ ማውጫው የሩት (ሙሉ መብት ያለው የአስተዳዳሪ አካውንት) በመሆኑ ተማሪው ያለ ሱዱ (በሩት መብት የሚያሠራ ትእዛዝ) ሊጽፍበት አይችልም። የሩት መብት የሚያስፈልገው ፕሮግራሙን ለሚጭነው ለመጨረሻው ትእዛዝ፣ ለ«ሜክ ኢንስቶል» ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ኮዱን ለማሽኑ የሚያዘጋጀውን ኮንፊገርንም ኮምፓይል የሚያደርገውን ሜክንም በሩት ማስኬድ ማሽኑን ለማናውቀው ስክሪፕት ማስረከብ ይመስለኛል።

በየተማሪው ሆም (የግል) ማውጫ እንዳይቀመጥ፣ ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ አካውንቱ ሲሰረዝ ኮዱም አብሮ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙን ለማራገፍ «ሜክ አንኢንስቶል» የምንልበት ሜክፋይል (የሜክ መመሪያ ፋይል) ስለማይኖር፣ በ«/ዩኤስአር/ሎካል» ሥር በቢን፣ በሊብና በሼር ማውጫዎች የተበተኑትን ፋይሎች አንድ በአንድ በእጅ መልቀም ግድ ይሆናል። የቴምፕ (የጊዜያዊ ፋይሎች) ማውጫው ደግሞ ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ስለሚጸዳ፣ መብራት በሚመላለስበት ሰፈራችን ጨርሶ አይታሰብም።

ታዲያ ለተማሪዎቹ አንድ ግሩፕ ፈጥሬ «/ዩኤስአር/ሎካል/ኤስአርሲ»ን የመጻፍ መብት ብሰጠው የደኅንነት ችግር ያመጣል? ወይስ ኮምፓይሉ በሆም ማውጫ ተሠርቶ፣ ከተጫነ በኋላ ኮዱን ከነሜክፋይሉ እኔ ወደዚያ ባዛውረው ይሻላል? ብዙ ተጠቃሚ ያለበትን ማሽን ያስተዳደራችሁ ወገኖች አሠራራችሁን ከነምክንያቱ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።