ግድግዳችን ተደረመሰ፣ ኢንሹራንሱ «አይሸፈንም» አለ፤ ምን ላድርግ?

የአዘዞዋ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ፍጠኑልኝ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሊነጋጋ ሲል የጓሮው ግድግዳ ከነኮርኒሱ ተደረመሰ። ልጆቹ ጎረቤት ናቸው፣ ፍራሹ እስካሁን ጭቃ ውስጥ ነው። ኢንሹራንስ አለን፣ በየዓመቱ እንከፍላለን። ስደውል «ይሄ አይሸፈንም» አሉኝ። እንዴት አይሸፈንም?

ጥቁር ድንጋይ፦ እንኳን ሰው ተረፈ እህቴ። ፍርስራሹን ሳታነሺ ፎቶ አንሺ፣ ከውስጥም ከውጭም። ከዛ የቀረውን በሸራ ሸፍኚ። ጉዳቱ እንዳይብስ መጠበቅ ያንቺ ድርሻ ነው፤ ክፍቱን ትተሽው ዛሬ ማታ ቢብስ ያንን አይከፍሉሽም።

የማራኪው፦ ቆይ፣ የምን ኢንሹራንስ? በባንክ ብድር የተሠራ ቤት ከሆነ ባንኩ ያስገባሽ የእሳትና የመብረቅ ውል ነው የሚሆነው። እሱ ብድሩን ለመጠበቅ ነው። ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የቧንቧ መፈንዳት፣ ሁከት፣ እነዚህ ተጨማሪ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ሲከፈልባቸው ነው የሚገቡት።

የአዘዞዋ፦ አዎ የባንክ ነው። ውሉ ባለቤቴ ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ መተማ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ኢንሹራንስ ለድንገተኛ ነገር ነው። ቀስ እያለ የመጣውን አይሸፍንም። ምስጥ የበላው ማገር፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ከርሞ ከርሞ የሚያንጠባጥብ አሸንዳ፣ መጀመሪያውኑ በደንብ ያልተሠራ መሠረት። ጦርነት ያደረሰውንም አይሸፍንም። እኔ ቤት የመጣው የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች ልስኑን በቁልፍ ፋቅ ፋቅ አደረገና ከሥር የጠቆረውን እርጥበት አሳየኝ። «ይሄ የዘንድሮ አይደለም» አለኝ። መልስ አጣሁ። ስንጥቁን ሁለት ክረምት አይቼዋለሁ፣ «ለመስቀል አስለስነዋለሁ» እያልኩ።

እናት ዓለም፦ ፎቶ! ሳትጠርጊ ፎቶ!

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የተመዘገበውንም ዋጋ እዩ። 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት ውሉ ላይ በ1 ሚሊዮን ከተመዘገበ፣ ኢንሹራንስ የተገባለት ግማሹ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የ200 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ የሚከፈለው 100 ሺህ ነው። ሲሚንቶ እንዲህ ተወዶ ውሉን የሚያሳድስ ስንቱ ነው?

የእህል በረንዳው፦ እኔ ጋ ትልቅ ሸራ አለ፣ ጤፍ ከዝናብ ያዳነ ቤትሽን አያቅተውም። ከመጋዘን መጥተሽ ውሰጂ። ደግሞ የስልክ መልስ መልስ አይደለም። ዛሬውኑ በጽሑፍ አመልክቺ፣ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ያዢ። አንከፍልም ካሉ የትኛው አንቀጽ እንደሚከለክል ጽፈው ይስጡሽ። ባለቤትሽንም አትጠብቂ፣ የውሉ ቅጂ ባንኩ ፋይል ውስጥ አለ።

የማራኪው፦ ልክ ነው። ግን ጎርፍ ካልተጨመረ ማመልከቻው አያድናትም፣ ተስፋ አታብዙባት።

የእህል በረንዳው፦ ውሉ ሳይታይ አንተም አትዝጋባት እንጂ!

የአዘዞዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ከመተማ በቴሌግራም ላከው። «ጎርፍና ማዕበል» የሚል መስመር አለ፣ ከጎኑ ግን ፎቶው ደብዝዟል። ሸራውን ልወስድ እየወጣሁ ነው፣ ደመናው እንደገና ጠቁሯል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ከጎኑ የብር መጠን አለ ወይስ ሰረዝ? ብር ከተጻፈበት ተከፍሎበታል ማለት ነው። ባንኩ ጋ ሄደሽ ዋናውን እዪው።

እናት ዓለም፦ እህቴ፣ ምን ሆነ? ሸራው ደረሰ?