የሬስቶራንት ግቢ አስፋልት ላስነጥፍ ነው፤ ቀድሜ ምን ልወቅ?

የለቡዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለቡ አካባቢ ሬስቶራንት አለኝ። ግቢው ወደ 450 ካሬ ነው፤ ደንበኛ መኪናውን የሚያቆመው እዚያው ነው። ጥግ ላይ ትንሽ ላቫጆም አለች። በየዓመቱ ገረጋንቲ እናስደፋለን፣ ሐምሌ ላይ ጭቃው ይውጠዋል። ሰው ከመኪናው ሊወርድ እግሩን አውጥቶ፣ መሬቱን አይቶ፣ በሩን መልሶ ዘግቶ ሲሄድ በዓይኔ እያየሁ ነው።

ሁለት ኮንትራክተር አነጋገርኩ። አንዱ «እላዩን ጠርገን እናነጥፍልሻለን፣ በሦስት ቀን ያልቃል» አለኝ። ሌላው «አፈሩ ካልወጣ ንክች አናደርገውም» ብሎ እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ዋጋ ጠራ። የቱን ልመን? ሥራው እስኪያልቅስ ቤቱን መዝጋት የግድ ነው?

ፎርማኑ፦
እህቴ፣ መንገድ ሥራ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝና ልንገርሽ። ሁለተኛውን ያዢ። የለቡ መሬት ዋልካ፣ ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጥር ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግቢሽ ውስጥ አይተሽ ይሆናል። እላዩ ላይ ያነጠፍሽው አስፋልት አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ሰውዬው ዋጋውን የሰቀለው ጥቁሩን አስወጥቶ ገረጋንቲ ለማስገባት ነው፤ ቢያጆው፣ የመኪናው ምልልስ ማለቴ ነው፣ ብዙ ነው።

ስንት ሴንቲ እንደሚቆፍሩ ውሉ ላይ ይጻፍ። ከግማሽ ሜትር በታች የሚልሽ ካለ ምክንያቱን ያስረዳሽ። ገረጋንቲው በአንዴ ተደፍቶ አይጠቀጠቅም። 20 ሴንቲ ያህል ይዘረጋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሮለር ይሄድበታል፣ ከዚያ ሌላው ይደረባል። ጨረስን ሲሉሽ የተጫነ ሲኖትራክ በቀስታ አስነጂበት፤ አንቺ አጎንብሰሽ የኋላ ጎማውን ተመልከቺ። መሬቱ ከጎማው ሥር እንደ ሊጥ ረግቦ ከተመለሰ እዚያ ጋ ገና ነው፣ ይቆፈር። ይሄን ሳታዪ አስፋልት እንዳታስመጪ።

አስፋልቱ ራሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቀድሞ ኤምሲ-30 የሚሉት ቀጭን ሬንጅ ይረጭና ቢያንስ አንድ ቀን ይደርቃል። ከዚያ ትኩሱ ይመጣል፤ ሳይበርድ መጠቅጠቅ አለበት። «5 ሴንቲ» ሲሉሽ ከመጠቅጠቁ በፊት ነው በኋላ ብለሽ ጠይቂ። ልል ሆኖ 5 የነበረው ሲጠቀጠቅ ወደ 4 ይወርዳል። ተጠቅጥቆ 5 ከሆነ ለ450 ካሬ 54 ቶን ገደማ ያስፈልጋል፤ የሚዛን ወረቀቱን እየተቀበልሽ ደምሪ።

ላቫጆዋን ግን ኮንክሪት አድርጊያት። ዘይትና ናፍጣ አስፋልትን ያሟሙታል። የቢራ መኪና ቆሞ የሚያራግፍበት ቦታም እንደዚያው።

ኮብሌ፦
ለምን ኮብልስቶን አታስቢም? እኛ ሱቆቹ ፊት ለፊት ያለውን በኮብል አሠርተን ተገላገልን። የውሃ ቱቦ ሲፈነዳ ድንጋዩን አንስተው መልሰው ደረደሩት፣ ምንም አይታወቅም። አስፋልት ቢሆን እድሜ ልክ መጣፊያ ነበር።

ፎርማኑ፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ለእንዲህ ዓይነት ግቢ እኔም አልጠላውም። ግን ዋልካው ለኮብልም አይራራም፤ ቁፋሮው ያው ነው።

የለቡዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የመዝጋቱ ነገርስ?

ፎርማኑ፦
ለሁለት ከፍለሽ አሠሪ፣ ግማሹ ሲሠራ ግማሹ ክፍት ይሁን። አስፋልት ማንጠፊያው ቀን ላይ ግን ዝጊ፤ ጾም ላይ ገበያ የሚቀዘቅዝብሽ ከሆነ ያንን ሳምንት ምረጪ። ላቫጆዋ ኮንክሪት ስለሆነች ቢያንስ ሳምንት መኪና አይውጣባት፣ በየቀኑም ውሃ ትጠጣ።

ሮለሩ ንዝረት ስላለው ከመጀመሩ በፊት የጎረቤትን አጥር ፎቶ አንሺ። አለበለዚያ የድሮው ስንጥቅ ሁሉ ያንቺ ይሆናል። የመብራትና የውሃ መስመር የምትቀይሪ ከሆነም አሁን፣ ሳይደፈን። ከዋናው መንገድ ጋር የምትገናኚበትን ከርብ፣ የመንገዱን የጠርዝ ድንጋይ ደግሞ መንገዶች ባለሥልጣንን ሳታናግሪ እንዳያስነኩሽ። እስከ ግንቦት አጋማሽ ቁፋሮው ካልተጀመረ ለጥቅምት አቆይው፤ ክረምት ላይ የተከፈተ ጉድጓድ ኩሬ ሆኖ ነው የሚከርመው።

ክፍያ ላይ ከመጨረሻው ትንሽ ያዢ። ተዳፋቱ ከቤቱ ወደ ቦዩ ይሁን፣ በ10 ሜትር 20 ሴንቲ ያህል ይውረድ። ሊያስረክቡሽ ሲመጡ በውሃ ጎማ ውሃ ልቀቂበት፣ ቡና አጠጪያቸው፣ ከዚያ አብራችሁ ዙሩ። ውሃ ያቆረበትን በጠመኔ ክበቢው፤ እስኪያስተካክሉት ቀሪው ብር አንቺ ጋ ይቆይ።